ቆስሎ የተገኘ የዱር እንስሳ ግልገል፦ ከማንሳታችሁ በፊት እስከ ማስረከብ

ሰው መንገድ ዳር አንድ ትንሽ የዱር ግልገል ወድቆ ሲያይ መጀመሪያ ያነሳዋል። ቀጥሎ ወተት ያጠጣዋል። "አሁን ምን ላድርግ?" ብሎ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ከቁስሉ ሊተርፍ ይችል የነበረ ግልገል በዚህ ጥድፊያ ይሞታል፤ ጭራሽ ያልቆሰለውም ከእናቱ ተነጥቆ ይቀራል።

ምርጫችሁ ሦስት ብቻ ነው፦ ባለበት መተው፣ ወደ እናቱ መመለስ፣ ወይም ለሚያውቅ ሰው ማስረከብ። "ወስጄ ላሳድገው" የሚባል አራተኛ ምርጫ የለም። በብዙ አገሮች ያለፈቃድ የዱር እንስሳ ማሳደግ በሕግ ያስጠይቃል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ሰው የለመደ ግልገል ጫካ ተመልሶ መኖር ይከብደዋል።

ደረጃዎቹን በተራ ተከተሉ፤ እለፉ ካልተባላችሁ በቀር አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ቁሙ፣ ከሩቅ እዩ

ግልገሉን እንዳያችሁ ወደ 20 ወይም 30 ሜትር ወደኋላ በሉ። ውሻ ይዛችሁ ከሆነ እሰሩት። ልጆችን ሰብስቡ። ስልካችሁን አውጡና ሳትጠጉ በካሜራው አቅርባችሁ (ዙም አድርጋችሁ) ፎቶ አንሱ፤ ቦታውንም ካርታ ላይ ምልክት አድርጉበት። በኋላ የምትደውሉለት ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "ምን ዓይነት እንስሳ ነው? የት ነው ያለው?" ብሎ ነው። ፎቶው ያን ጊዜ ይጠቅማችኋል።

ቀጥሎ ዙሪያውን ቃኙ። እናቲቱ አካባቢው ላይ አለች? ወይስ ሞታ አጠገቡ ወድቃለች? መኪና የሚመጣበት መንገድ ነው? ወጥመድ ወይም ሽቦ ይታያል? መሬት የነካ የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ ደግሞ ግልገሉን እርሱት። አትጠጉ፤ መጀመሪያ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ደውሉ።

*እነዚህን በእጃችሁ አትንኩ፦*

- የሌሊት ወፍ፣ ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ቀበሮ፣ ተኩላ፣ ጅብ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርባቸው ይችላል። ትንሽና የሚያሳዝን መሆኑ ከበሽታው ነፃ አያደርገውም።
- የዝሆን፣ የጎሽ፣ የጉማሬ፣ የከርከሮ፣ የአንበሳና የነብር ግልገሎች። እዚህ አደጋው እናትየው ናት። አላየናትም ማለት የለችም ማለት አይደለም።
- እባብ። መርዛማ እባብ ገና ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሮ መርዝ አለው።

ከእነዚህ አንዱ ከሆነ የእናንተ ሥራ ርቆ መጠበቅና መደወል ብቻ ነው፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 4 ሂዱ።

*እናትየው ድንገት ብትመጣስ?* በእሷና በግልገሉ መካከል አትቁሙ። ጀርባ ሳትሰጡ፣ ቀስ ብላችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ግልገሉን ይዛችሁ ከሆነ አስቀምጡትና ራቁ።

ደረጃ 2፦ ቆስሏል ወይስ ብቻውን ነው?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አትቸኩሉ።

ከሚከተሉት አንዱን እንኳ ካያችሁ ግልገሉ እርዳታ ይፈልጋል፤ ደረጃ 3ን ትታችሁ ወደ ደረጃ 4 እለፉ፦

- ደም፣ ክፍት ቁስል፣ የወጣ አጥንት
- የተንጠለጠለ ክንፍ ወይም የሚጎተት እግር
- ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ መዞር፣ መንዘፍዘፍ፣ ቆሞ መውደቅ
- አፍ ከፍቶ በጭንቅ መተንፈስ
- አጠገቡ የሞተች እናት
- ዝንብ የወረረው አካል። ፀጉሩ ላይ የተጣበቁ ጥቃቅን ነጫጭ ፍሬዎች ከታዩ የዝንብ እንቁላል ናቸው። በአንድ ቀን ውስጥ ተፈልፍለው ትል ይሆናሉ። "ነገ እናየዋለን" የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም።
- ድመት ወይም ውሻ በአፉ ይዞት ከነበረ። ምንም ቁስል ባይታያችሁም ቆስሏል ብላችሁ ቁጠሩት። የድመት ጥርስ ቀጭን ነው፤ የወጋው ቀዳዳ በፀጉርና በላባ ስር ይሸሸጋል፤ ከድመቷ አፍ የገባው ባክቴሪያ ግን ትንሽን እንስሳ በአጭር ጊዜ ሊገድል ይችላል። ከሐኪም የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ከእነዚህ አንዱም ካልታየስ? ምናልባት ግልገሉ ምንም አልሆነም።

*የሚዳቋና የመሰሎቿ ግልገል።* ሣር ውስጥ ልጥፍ ብሎ፣ ጆሮውን ወደኋላ አስተኝቶ ይተኛል። ብትጠጉትም ላይነሳ ይችላል። ይህ ሕመም አይደለም፤ መደበቂያው ነው። እናቱ አውሬ ወደሱ እንዳትስብ ብላ ሆን ብላ ትርቃለች፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ መጥታ አጥብታው ትሄዳለች። እናንተ አጠገቡ እስካላችሁ ድረስ ደግሞ አትመጣም። "ሁለት ሰዓት ቆሜ ጠበቅኳት፣ አልመጣችም" የሚል ሰው ራሱ ነው ያስቀራት።

*የጥንቸል ልጅ።* የባሰ ያሳስታል። እናቱ የምታጠባው በቀን አንድ ጊዜ ገደማ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሲመሻሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ቢሆን አይግረማችሁ።

*የጦጣና የዝንጀሮ ልጅ።* ይህ ከሌሎቹ ይለያል። ገና የሚጠባ ልጅ ከእናቱ ሆድ ወይም ጀርባ አይለይም፤ መሬት ላይ ብቻውን ከተገኘ አንድ ነገር ተፈጥሯል። ቢሆንም አትንኩ፤ መንጋው ዛፍ ላይ ሆኖ እያያችሁ ይሆናል። ደውሉ።

*የወፍ ጫጩት።* ላባውን እዩ። ራቁቱን ከሆነ ወይም ጸጉር የመሰለ ነገር ብቻ ካለበት፣ ዓይኑም ካልተከፈተ፣ ከጎጆ የወደቀ ነው፤ መመለስ አለበት። አካሉ በላባ ተሸፍኖ፣ ጅራቱ ግን አጭር ሆኖ መሬት ላይ የሚፈናጠር ከሆነ ደግሞ መብረር እየተማረ ነው። ወላጆቹ እዚያው መሬት ላይ ይመግቡታል። ሰው ከሁሉም በላይ "አዳንኩት" ብሎ የሚሰርቀው ይህን ነው።

ደረጃ 3፦ ካልቆሰለ ተዉት ወይም መልሱት

መብረር የሚማረውን ጫጩት ተዉት። መንገድ መሃል ከሆነ ወይም ድመት ካለ፣ ወላጆቹ ድምፁን የሚሰሙበት ቅርብ ቁጥቋጦ ስር አድርጉትና ሂዱ።

ከጎጆ የወደቀውን ጫጩት እንዲህ አድርጉ፦

1. በእጃችሁ ያዙትና ሙቀቱን አዳምጡ። የወፍ ሰውነት ሙቀት ከሰው ይበልጣል፤ ብዙዎቹ ወደ 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ ጤነኛ ጫጩት እጃችሁ ላይ ሞቅ ሊላችሁ ይገባል። ገና ላባ ያላወጣ ጫጩት ራሱን ማሞቅ አይችልም። ቀዝቀዝ ካላችሁ ክፉኛ በርዶታል ማለት ነው።
2. ከበረደው መጀመሪያ በመዳፋችሁ አሙቁት። የበረደው ጫጩት አፉን አይከፍትም፤ አፉን ያልከፈተውን ወላጆቹ አይመግቡትም።
3. ጎጆው ከደረሳችሁበት መልሱት። መሰላልና ከፍታ ላይ ግን ጀግና አትሁኑ።
4. ጎጆው ከፈረሰ ወይም ካልተደረሰበት፣ ታቹ የተበሳ ትንሽ ቅርጫት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ውሰዱ። ደረቅ ሣር ጎዝጉዙበት፤ እርጥብ ሣር ሙቀቱን ይወስድበታል። እዚያው ዛፍ ላይ፣ ፀሐይና ዝናብ የማይመታው ቅርንጫፍ ላይ እሰሩት።
5. ራቅ ብላችሁ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። በዚህ ጊዜ ወላጅ ካልመጣ ወደ ደረጃ 4 እለፉ።

"የሰው እጅ የነካውን ጫጩት እናቱ ትጥለዋለች" ይባላል። ሐሰት ነው። ወፍ ልጇን የምትለየው በዋናነት በድምፁ፣ በመልኩና ባለበት ቦታ ነው፤ የእጃችሁ ጠረን ልጇን አያስጥላትም። ለሚዳቋና ለጥንቸል ግን ባትነኩ ይሻላል። መንካት ግድ ከሆነ ጓንት አድርጉ፤ ቶሎ ጨርሱ።

*አንስታችሁ ወደ ቤት ወስዳችሁት ከሆነስ?* ጤነኛ ከሆነ ዛሬውኑ ያገኛችሁበት ቦታ መልሱትና ራቁ። በማግስቱም ቢሆን እናትየው ልትቀበለው ትችላለች፤ ያኔ ግን መጀመሪያ ባለሙያ ጠይቁ። የተዋችሁት ግልገል ደግሞ በማግስቱ እየጮኸ ወዲያ ወዲህ ሲንከራተት ካገኛችሁት ነገሩ ተለውጧል፤ ደውሉ።

ደረጃ 4፦ ከመያዛችሁ በፊት ደውሉ

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። ግልገሉ እጅ ውስጥ ከገባ በኋላ እየጮኸ ስልክ ቁጥር መፈለግ አይመችም።

በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ፦ የዱር እንስሳት ማገገሚያ ማዕከል፤ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወይም የፓርክ ጠባቂ፤ የእንስሳት ማሳያ ስፍራ (ዙ) ሐኪም፤ በአቅራቢያ ያለ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ። የመጨረሻው የዱር እንስሳ ባያክም እንኳ ማን ጋ መደወል እንዳለባችሁ ብዙ ጊዜ ያውቃል።

ስታወሩ አታብዙ። ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነ፣ መጠኑን ከእጅ ወይም ከድመት ጋር አስተያይታችሁ፣ ምን ጉዳት እንዳያችሁ፣ ትክክለኛ ቦታውን፣ ስንት ሰዓት እንዳገኛችሁት ንገሩ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ "እናንተ ትመጣላችሁ ወይስ እኔ ላምጣው?" እና "እስከዚያ ምን ላድርግ?" የሚነግሯችሁ ነገር ከዚህ መመሪያ ቢለይ የእነሱን ስሙ፤ እነሱ የላካችሁላቸውን ፎቶ አይተዋል።

"አትንኩት፣ ጠብቁልን" ካሉ ከሩቅ ሆናችሁ ድመትና ውሻ እንዳይደርስበት ጠብቁ። "አምጡት" ካሉ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ደረጃ 5፦ መያዝ

ዕቃው ሳይሟላ ግልገሉን አትንኩ። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

- ከግልገሉ ትንሽ ሰፋ ያለ ክዳን ያለው ካርቶን። የአየር ቀዳዳውን ግልገሉ ሳይገባ ብሱ፤ ሸካራው ጠርዝ ወደ ውጭ እንዲሆን ከውስጥ ወደ ውጭ ውጉት።
- ካርቶኑ ውስጥ የሚነጠፍ አሮጌ ቲሸርት። ፎጣ ክሩ ቀለበት ቀለበት ስለሆነ ጥፍር ይይዛል።
- መሸፈኛ የሚሆን ሌላ ጨርቅ
- ወፍራም ጓንት
- ፕላስተር

የወፍ ማስቀመጫ ቀፎ ካላችሁ ለዱር ወፍ አትጠቀሙበት። ከሽቦው ጋር ሲላተም ላባው ይሰበራል።

አያያዙ፦

1. ከኋላው በዝምታ ቅረቡ።
2. ጨርቁን ጭንቅላቱን ጨምሮ ሙሉ በሙሉ አልብሱት። ማየት ሲያቆም ብዙ ጊዜ መታገል ይተዋል።
3. ጨርቁን እንዳለ ሰብስባችሁ አንሱና ካርቶኑ ውስጥ አስገቡት። ጨርቁን አላሉለት።
4. ክዳኑን ዝጉ፣ በፕላስተር ያዙት።

ወፍ ስትይዙ ክንፉን ወደ አካሉ አጥፋችሁ ያዙ፤ ደረቱን ግን አትጭመቁ። ወፍ የሚተነፍሰው የደረት አጥንቱን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ እያንቀሳቀሰ ነው። ደረቱ ከታፈነ ምንም ድምፅ ሳያሰማ እጃችሁ ላይ ይሞታል። የጭልፊትና የጉጉት ልጅ ከሆነ የምትፈሩት እግሩን ይሁን፤ ጥፍሩ ከመንቁሩ ይብሳል። ሽመላና መሰሎቹ ደግሞ ዓይን ይወጋሉ፤ መነጽር አድርጉ፣ ፊታችሁን አርቁ።

*ቢያመልጥስ?* አታሯሩጡት። በተለይ የሚዳቋ ዘር ሲባረር ጡንቻው ይጎዳል፤ ከቀናት በኋላ በዚሁ ሰበብ ሊሞት ይችላል። አንዴ ሞክራችሁ ካልተያዘ በቃ፤ ወደየት እንደሄደ አይታችሁ ለደወላችሁለት ሰው ንገሩ።

*ደም የሚፈስ ከሆነ* ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ለ5 ደቂቃ ሳታነሱ ጫን ብላችሁ ያዙ። በየመሃሉ እያነሱ ማየት የረጋውን ደም ይቀሰቅሰዋል።

*ሽቦ፣ መንጠቆ ወይም እንጨት ተሰክቶበት ከሆነ* አትንቀሉ። የታሰረበትን ገመድ ወይም ሽቦ ብቻ፣ ትርፍ አስቀርታችሁ ቁረጡ።

*የኤሊ ድንጋይ ከተሰነጠቀ* ሞተ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ የሚታከም ሊሆን ይችላል። አትለጥፉት፣ ውሃ ውስጥም አትክተቱት።

የተሰበረ እግር ለማሰር አትሞክሩ። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ አልኮል፣ ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ፣ ቅባት፣ ምንም አታድርጉበት።

ደረጃ 6፦ ጨለማ፣ ጸጥታ፣ ሙቀት

ካርቶኑን ሰው የማይመላለስበት ክፍል አስቀምጡ። ቴሌቪዥን ይጥፋ። ልጆች "አንዴ ብቻ ልየው" ይላሉ፤ እምቢ በሉ። አታባብሉት፣ አትደባብሱት። ለእሱ እናንተ አውሬ ናችሁ። "ዝም አለ፣ ለመደን" የሚባለው ግልገል አብዛኛውን ጊዜ በፍርሃት ደርቆ ነው።

ጫጩት፣ ፀጉር ያላወጣ ወይም ሲነካ የሚቀዘቅዝ ግልገል ከሆነ ሙቀት ያስፈልገዋል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሙሉ፤ የፈላ አይሁን። በጨርቅ ጠቅልሉትና ከካርቶኑ በአንድ በኩል ብቻ አድርጉት። ሌላው ግማሽ ሳይሞቅ ይቅር፤ ግልገሉ ሲበቃው ሸሽቶ የሚሄድበት ቦታ ይኑረው። መሄድ ለማይችለው ደግሞ ጠርሙሱን አስጠግታችሁ ቶሎ ቶሎ እዩት። የቀዘቀዘ ጠርሙስ መልሶ ሙቀቱን ስለሚወስድበት በየጊዜው ለውጡ።

*ካለከለከ ወይም አፉን ከፍቶ ከተዘረረ* ሙቀቱ በዝቶበታል። ጠርሙሱን አውጡ።

ደረጃ 7፦ ምግብም ውሃም አትስጡ

አንጀት ይበላል፤ አውቃለሁ። ግን አትስጡ።

የበረደ ግልገል አንጀቱ ሥራ ቀንሷል። የገባው ምግብ ሳይፈጭ ይቀመጣል፣ ይበላሻል። ባለሙያዎች መጀመሪያ ያሞቃሉ፣ ቀጥሎ የጎደለውን ፈሳሽ ይተካሉ፣ ምግብ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። እናንተ የምትችሉት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የላም ወተት ለአብዛኞቹ ግልገሎች አይስማማም። የእያንዳንዱ እንስሳ ወተት ለየራሱ ልጅ የተለካ ነው፤ ለምሳሌ የጥንቸል ወተት በስብና በፕሮቲን ከላም ወተት በብዙ ይበልጣል። የላም ወተት የጠጣ ግልገል ያስቀምጠዋል፤ ያለችው ጥቂት ፈሳሽም በዚያው ትወጣለች። ለወፍ ደግሞ ወተት ጭራሽ አይታሰብ።

ውሃ ጠብ ማድረግስ? የወፍ የአየር መተላለፊያ ቀዳዳ አፉ ውስጥ፣ ከምላሱ መነሻ ኋላ ነው ያለው። አፉን ከፍታችሁ የምትጨምሩት ውሃ በቀጥታ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። በጀርባው አስተኝታችሁ የምታጠጡት ግልገልም እንዲሁ ነው።

*ቀድማችሁ ሰጥታችሁት ከሆነ* አቁሙ። ምን፣ ምን ያህል፣ ስንት ሰዓት እንደሰጣችሁ ስታስረክቡ ሳትደብቁ ተናገሩ። ማንም አይቆጣችሁም፤ ሐኪሙ ግን የሚያደርገውን የሚወስነው በዚያ ነው።

ደረጃ 8፦ ማድረስ

ካርቶኑ እንዳይንሸራተት አድርጉ። ሙዚቃ አይከፈት፤ መንገድ ላይ ክዳኑን ከፍቶ ማየት የለም። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁማችሁ አትውረዱ። ስታስረክቡ ያገኛችሁበትን ቦታ በትክክል ንገሩ። ከዳነ የሚለቀቀው እዚያው ወይም እዚያ አካባቢ ነው።

*መሽቶ ማንም ስልክ ካላነሳ፦* በደረጃ 6 እንደተባለው አድርጋችሁ አሳድሩት። ጠርሙሱን ለመለወጥ ብቻ ክፈቱ። ሲነጋ መጀመሪያ የምታደርጉት መደወል ይሁን። ገና ዓይኑን ያልገለጠ አጥቢ ግልገል እናቱ ካልላሰችው ራሱ መሽናት ላይችል ይችላል፤ ማሳደር ግድ ከሆነ ይህን እንዴት እንደምትረዱት ለባለሙያው በስልክ ጠይቁ።

*የሚድን ካልመሰላችሁ፦* እናንተ አትወስኑ፣ ራሳችሁም ለመግደል አትሞክሩ። ወገቡ የተሰበረውንም ቢሆን ውሰዱት። ሐኪሙ ማዳን ባይችል ሳይሰቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ይችላል።

ከነከሳችሁ ወይም ከቧጠጣችሁ

ግልገሉን ለሌላ ሰው ስጡና ወዲያው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከሚመስላችሁ በላይ ይረዝማል። ምራቁ ዓይናችሁ ወይም አፋችሁ ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ አለቅልቁ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። ምልክቱ ለመታየት ሳምንታት ወይም ወራት ሊወስድ ስለሚችል "ምንም አልሆንኩም" ብላችሁ አትቅሩ። የሌሊት ወፍ ከነካችሁ የጥርስ ምልክት ባታዩም ሂዱ፤ ጥርሱ ጥቃቅን ስለሆነ ላይታይ ይችላል።

ለሐኪሙ ምን ዓይነት እንስሳ እንደነበረና የት እንዳስረከባችሁት ንገሩት። እንስሳውን ለተረከቡትም ሰው መንከሱን አሳውቋቸው፤ ለምርመራ ሊፈለግ ይችላል። ካርቶኑንና ጨርቁን ጓንት አድርጋችሁ አስወግዱ።